ያልተቆጠሩት የዲጋ ቀፎዎች

አጎቴ የንብ ቀፎ አይቆጥሩም ነበር። መቁጠር ጠፍቷቸው አይደለም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ውስጥ የሠሩ፣ አንዲት ክኒን ብትጎድል ምሳ የማይበሉ ሰው ናቸው። ቀፎ ላይ ሲደርሱ ግን «ጥቂት አለ» ብለው ያልፉታል። ስለ ከብቶቻቸውም ሆነ ስለ ልጆቻቸው ሲጠየቁ እንደዚያው ነው። ስንት ልጅ አለዎት ብሎ የጠየቃቸው እንግዳ እግዜርን በኦሮምኛ ጠርተው «ዋቃ የሰጠን አሉ» ያሉትን መልስ ይዞ ይሄዳል፤ ልጆቹ ግቢው ውስጥ እየተሯሯጡ ሊቆጥራቸው ቢፈልግ የራሱ ጉዳይ ነው።

የእናቴ ወንድም ስለሆኑ ኤሱማ እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ አጎት ማለት ነው። የአባቴ ወገኖች ከጎጃም መጥተው ነቀምት የከረሙ ናቸው። እናቴ ደግሞ የዲጋ ልጅ ናት። ትምህርት ሲዘጋ ኤሱማ ቤት እንላክ ነበር። ሰባት ወይም ስምንት ዓመቴ ላይ፣ መቁጠር የቻልኩ መሆኔን አገር ሁሉ እንዲያውቅልኝ በምፈልግበት ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ትልቅ ዋንዛ ሥር ቆሜ የተሰቀሉትን ቀፎዎች ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ሰባት ላይ ስደርስ እናቴ ከኋላዬ መጥታ አፌን በመዳፏ ከደነችው። አልመታችኝም፤ ግን መዳፏን ቶሎ አላነሳችም። ለምን እንደማይቆጠር ጠየቅኳት። «አይቆጠርማ!» አለችኝ። መልሱ ይኸው ነበር።

የተቆጠረ ነገር ያልቃል ብለው ይሆን የሚፈሩት፣ ወይስ ሀብቴ ይህን ያህል ነው ማለት ትዕቢት መስሎ ስለሚታያቸው? እስካሁን ለይቼ አላውቅም። ኤሱማ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ስለ ቡዳና ስለ ዛር የሚያወራ ሰው ካጋጠማቸው ፊት ለፊት ይገሥጻሉ። አንድ ቀን «ታዲያ ቀፎ አለመቁጠሩስ?» ብዬ ላጠምዳቸው ሞከርኩ። «እሱ ሌላ ነው። እሱ ጨዋነት ነው» አሉኝ፣ ክርክሩም በዚያ ተዘጋ።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ያንን ሥራ የሠራሁት፤ ስለዚህ አላውቅም ነበር ብዬ የምሸሸግበት ቦታ የለኝም።

የምሠራው ሰም ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ ነው። ቢሯችን ነቀምት፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ከእህል መጋዘን በላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት። ሰው ስለ ንብ ሲያስብ ማሩን ነው የሚያስበው። ማሩ ግን እዚሁ ተበልቶ ተጠጥቶ ያልቃል፤ አገር የሚያይ ሰሙ ነው። የእኛ አገር ሰም ከንፈር ቅባት ውስጥ አለ፣ የጫማ ቀለም ውስጥ አለ፣ የክኒን ሽፋን ላይ አለ። ነቀምት ውስጥ አብዛኛው የሚሰበሰበው ከጠጅ ቤቶች ነው፤ ጠጁ ከተጠለለ በኋላ የሚቀረውን ሰፈፍ አቅልጠው ይሸጡልናል። ኤሱማ በሕይወታቸው የጠጅ ቤት ደጃፍ አልረገጡም። የእሳቸው ሰም ግን ከጠጅ ቤቱ ሰፈፍ ጋር አንድ በርሜል ውስጥ ቀልጦ ባሕር ይሻገር ነበር። ይህን ነግሬ ባሾፍባቸው፣ ትንሽ አሰብ አድርገው «በእሳት አልፏል እኮ፣ ነጽቷል» አሉኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ትልቁ ገዢያችን አዲስ አሠራር አመጣ። በሦስት አህጉር ፋብሪካዎች አሉት። አሠራሩ ሰም፣ ዘይትና ሙጫ ከየት አገር፣ በየትኛው ወደብ፣ በየትኛው መጋዘን አድርጎ የትኛው ፋብሪካ ይግባ የሚለውን ሁሉ አንድ ላይ አስልቶ አነስተኛ ወጪ ያለውን መንገድ የሚመርጥ የኮምፒውተር ሞዴል ነው። ሰንሰለቱ ከፋብሪካው ተነስቶ እስከ መንደር ይወርዳል። የወለጋው ጭራ ለእኔ ደረሰኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እሱን ስለነበር ከድርጅቱ ሰው መካከል የሚገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ይህንንም ሁሉም ሰው እንዲያውቀው አደርግ ነበር። ዋንዛው ሥር የቆመችው ልጅ አላደገችም ማለት ነው።

ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ መሰብሰቢያ ጣቢያ አንድ ሣጥን አለ። ጣቢያው ከተከፈተ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ይገባል፣ ከተዘጋ ዜሮ። ሞዴሉ ርቀቱን፣ የመኪናውን ጭነት፣ ከጣቢያው የሚጠበቀውን ሰም ያይና አንድ ወይም ዜሮ ይላል። መሃል የለም። መኪና ቢያንስ ግማሽ ጭነት የማያገኝበት ቦታ አይሄድም ብለን ገደብ አስገብተንለታል። ገደቡን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ያኔ ኤሱማ ጡረታ ወጥተው ከጓሮ በቆርቆሮ የተከደነች መጋዘን ሠርተው ነበር፤ የዲጋ ጣቢያ እሷ ናት። እንጀራ ፍለጋ አልነበረም። ዲጋ ውስጥ ሰው ማሩን ጨምቆ እዚያው ቀፎው ሥር የሚጥለው ሰም ዋጋ እንዳለው ስነግራቸው ቆጭቷቸው ነው፤ የሚባክን ነገር አይወዱም። እሑድ ከጸሎት በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ «ሰሙን አትጣሉት፣ እኔ ጋ አምጡት፣ መኪና መጥቶ ይወስደዋል» አሉ። አሥራ ሁለት ቤተሰብ እሺ አላቸው። በመጀመሪያው ዓመት መኪናው መጣ፣ ወሰደ፣ ሁሉም ደስ አለው። ኤሱማ ለእነዚያ ሰዎች ቃል ገቡ። ዲጋ ውስጥ የእሳቸው ቃል ደግሞ እንደ ማንም ሰው ቃል አይደለም፤ በመሬት የተጣሉ ወንድማማቾች ሽማግሌ ሲያጡ እሳቸው ይፍረዱ ብለው የሚመጡላቸው ሰው ናቸው።

ለአዲሱ ዕቅድ ቅጽ ተላከ። በእያንዳንዱ ጣቢያ ስንት አናቢ አለ፣ እያንዳንዱ ስንት ቀፎ አለው? ራቅ ላሉት በቴሌግራም ላክሁላቸው። ለዲጋ በስልክ ደወልኩ። ዲጋ በሚኒባስ ከነቀምት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሄጄ ባየው ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ያን ቀን ግን ቅጹን እስከ ምሳ ሰዓት ልጨርስ ብዬ ቸኩዬ ነበር።

«ኤሱማ፣ አካም ጅርቱ?»

«ፈያ፣ ገለታ ዋቃ። እናትሽስ ደህና ናት? ጉልበቷ ተሻላት?»

«ደህና ናት። ለዕቅዱ ነው የደወልኩት፣ ቀፎዎ ስንት ይሆናል?»

ዶሮዎቻቸው ሲንጫጩ ይሰማኝ ነበር።

«ጥቂት አለ» አሉ።

«ቁጥር ነው የሚፈልገው።»

«ማነው የሚፈልገው?»

«ኮምፒውተሩ ነው፣ ኤሱማ።»

«እንግዲያ... አሥር ብለሽ ጻፊ።»

አሥር አለመሆኑን አውቃለሁ። የቀፎዎቹን ዛፎች አውቃቸዋለሁ፤ ማዶ ያለው ዋንዛ ብቻውን አሥር ይይዛል። «የጎረቤቶችስ?» አልኩ። «እነሱም እንደዚያው፣ ለአንዱ ሦስት፣ ለአንዱ አራት በዪው» አሉኝ፤ ጨዋ ሰው ስለ ሌላው ሀብት ሲጠየቅ ከዚያ በላይ አይልም። አሥርን ጻፍኩ። ሦስትና አራቱንም ጻፍኩ። ከሌላው ጣቢያ ከኑኑ ቁምባ የመጣውን ቅጽ አስታውሳለሁ፤ አንድ ፈጣን ነጋዴ የሞላው ነው፣ ቁጥሩ ሁሉ በዜሮ የሚያልቅና ወፍራም ወፍራም ነበር። ያ ሰውዬ ከዚያ በፊት ብዙ ቅጽ የሞላ ሰው ነው፤ ቅጽ ላይ ብዙ የጻፈ ብዙ እንደሚያገኝ ገብቶታል። እሱንም እንዳለ አስገባሁት። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት እንዳልሆኑ እያወቅኩ አንደኛውን እንዳነሰ፣ ሌላውን እንደበዛ ትቼ ሞዴሉን አስኬድኩት።

ኑኑ ቁምባ አንድ ሆነ። ዲጋ ዜሮ።

በማግሥቱ ጠዋት በስክሪን ስብሰባ ተደረገ። ካርታው ላይ መንገዶቹ በቀጫጭን መስመር ከወለጋ ተነስተው አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕሩን አቋርጠው ይሄዳሉ። ከወዲያ ማዶ ያሉት አመሰገኑኝ፤ ሥራው ንጹሕ ነው አሉ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ከዚያ ከአዲስ አበባው ቢሮ አንድ ሰው ድንገት «ዲጋ ለነቀምት ቅርብ አይደለም እንዴ? ለምን ተዘጋ?» ብሎ ጠየቀ።

እንደዚያ ያለ ጥያቄ በሕይወት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሰው ራሱ በሩን ከፍቶልኝ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር፦ እዚያ ሰው ቀፎ አይቆጥርም፣ የነገሩኝ ከእውነቱ ያነሰ ነው። ግን የሚቀጥለው ጥያቄ ታየኝ። እንዴት አወቅሽ? አጎቴ ናቸው። አሃ፣ አጎትሽ ናቸው? ለዘመዷ አዳላች ከመባል የዲጋን መዘጋት መረጥኩ።

«አቅርቦቱ አነስተኛ ነው» አልኩ። ሰውየው «እሺ» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ።

ለኤሱማ መዘጋቱን ማንም አልነገራቸውም። ቢሮው ዘመዷ ስለሆኑ እሷ ትንገራቸው ብሎ ተወ፤ እኔ ደግሞ የቢሮ ጉዳይ ስለሆነ ቢሮው ይንገራቸው ብዬ ተውኩ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ግን የሆነው ይኸው ነው።

በኅዳር ማር ተቆረጠ። ዓመቱ ለንብ ደግ ነበር። ታኅሣሥ ላይ እናቴ የላከችውን ዕቃ ላደርስ ዲጋ ወረድኩ። ገና ከግቢው በር ላይ አንድ የማላውቀው ሽታ ተቀበለኝ፤ የማር ሽታ ነው፣ ግን የታመመ። መጋዘኗ እስከ ጣሪያዋ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልታለች። ኤሱማ አንዱን ከረጢት ፈትተው አሳዩኝ። ያልቀለጠ ሰም ቆላ ነክ ሙቀት ውስጥ ሲከርም ነጭ ትል ይገባበታል፤ ሰሙን እየበላ ድር ያደራል። ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ግማሹ ድር ሆኗል።

«መኪናው መንገድ ይዞት ይሆናል» አሉኝ። «ለሰዎቹም እንደዚያ እያልኳቸው ነው። የቻልኩትን በድስት እያቀለጥኩ ነው፣ ግን እንጨቱ አልበቃኝም።»

እጃቸው ላይ የተቃጠለ ቦታ ነበር። ከዚያ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ኤሱማ፣ መኪናው አይመጣም» አልኳቸው። ዲጋ እንደተዘጋ፣ ለምን እንደተዘጋ፣ ግማሽ ጭነት ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። አቋርጠው አልጠየቁኝም። ስጨርስ ከረጢቱን መልሰው አሰሩና፣

«አሥር ስላልኩሽ ነው?» አሉ።

አዎ ማለት ነበረብኝ? አይደለም፣ እኔ ስለጻፍኩት ነው ማለት ነበረብኝ። «ቁጥሩ ነው» አልኩ። ቁጥሩ፣ በራሱ የመጣ ነገር ይመስል።

ኤሱማ ቆባቸውን ከራሳቸው አውልቀው አቧራውን አራገፉትና መልሰው አደረጉት። በትራቸውን አነሱ። «ነዪ» አሉኝ።

ከግቢው ልንወጣ ስንል ሚስታቸው ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀች። ኤሱማ በኦሮምኛ ዝቅ አድርገው ነገሯት። እሷ ቤት ገብታ መስኮቱን ዘጋች።

ወንዙን ተሻግረን ወደ ማዶ ወጣን፤ ከዋንዛው ሥር ቆሙ። ግንዱን በበትራቸው መታ አደረጉና ወደ ላይ አዩ።

«ቶኮ» አሉ። አንድ።

«ኤሱማ...»

«ጻፊ። ለማ። ሰዲ። አፉር።»

ጮክ አላሉም፣ ግን አልሸሸጉትም። ድምፃቸው የመድኃኒት ክፍሉ ድምፅ ነበር፤ ልጅ እያለሁ በመስኮቱ ቆሜ ክኒን ሲቆጥሩ የሰማሁት። ከዋንዛው ወደ ብሳናው፣ ከብሳናው ቁልቁል ወደ ገደሉ ሄድን። በእያንዳንዱ ዛፍ ሥር ግንዱን መታ እያደረጉ ቆጠሩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ያላደረጉትን ነገር በአንድ ከሰዓት አደረጉት። ይብቃዎ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ምክንያቱን ልናገርና ልገላገል፦ ቁጥሩን ፈልጌው ነበር። አሥር የተባለው ሃያ ሲያልፍ፣ ሠላሳ ሲያልፍ፣ ውስጤ ያለው ሞዴል ሠሪ ደስ እያለው ነበር። ስልኬ ላይ እየመዘገብኩ ተከተልኳቸው።

አርባ ሦስት ላይ ቆሙ።

«በዚህ ይከፈታል?» አሉኝ።

«ይከፈታል» አልኳቸው። ይከፈታል ብዬ አምኜ ነበር።

ነቀምት እንደገባሁ አርባ ሦስትን አስገባሁ። ዲጋ ዜሮ። ገደቡን ደጋግሜ ፈተሽኩ፤ ስህተት የለበትም። የእሳቸው ቀፎ ብቻውን ግማሽ መኪና አይሞላም፣ አሥራ ሁለቱ ጎረቤቶች ደግሞ አሁንም ሦስትና አራት ናቸው። ዲጋ አንድ እንድትሆን አሥራ ሁለት ቤተሰብ ከየዛፉ ሥር ቆሞ መቁጠር ነበረበት። እሱን ልጠይቅ አልደፈርኩም፤ አንድ ሰው ማስቆጠሬ በቅቶኛል።

ሌላም ሞከርኩ። ለገዢው ዕቅድ ክፍል በዚህ አካባቢ ሰው ሀብቱን አሳንሶ መናገር ልማዱ ነው ብዬ ጻፍኩ። ትሑት የሆነ፣ ፈጣን መልስ መጣ፦ ማስተካከያው በስንት ይባዛ? በሁለት? በሦስት? ያንን መልእክት ይዤ ወደ አለቃዬ ገባሁ። ጨዋነት በስንት እንደሚባዛ አላውቅም። አለቃዬ «ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን» አለኝ፣ የዓመቱ ውል ተፈርሟል።

ለኤሱማ ይህን አልነገርኳቸውም። ሲጠይቁኝ «እየታየ ነው» እል ነበር። ይህ ቃል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቃል ነው፤ እናቴ ለመሬት ካርታ ስትመላለስ በየመስኮቱ የሚሏት እሱን ነበር፣ እኔም በሰዎቹ ስናደድ ያደግኩ ነኝ።

ኤሱማ ከከረጢቶቹ የተረፈውን አቅልጠው በየስሙ ለየባለቤቱ መለሱ። የቀረውን አቃጠሉት። በአንድ እሑድ፣ እናቴ ናት የነገረችኝ፣ ከአምልኮ በኋላ ተነስተው በጉባኤው ፊት ቆመው ለአሥራ ሁለቱ ቤተሰቦች ይቅርታ ጠየቁ። መኪና ይመጣል ያልኳችሁ እኔ ነኝ፣ አሥር ነው ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ልጅቷ የነገርኳትን ነው የጻፈችው አሉ። እናቴ ስትነግረኝ አላየችኝም፤ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ስለ አንቺ ክፉ እንዳያወሩ ብሎ ነው» አለችኝ። በጉባኤው ፊት የተናዘዙት የእኔን ኃጢአት ነው፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ሰዎቹ ይቅር አሉ ተባለ። ዘንድሮ ግን ማንም ሰሙን አላመጣላቸውም፤ እንደ ድሮው ቀፎው ሥር ይጥሉታል። ለእርቅም የሚጠራቸው ሰው እንዳነሰ እናቴ ዘወር አድርጋ ነገረችኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ሰዓት በፊት ስልኬ ጮኸ። ኤሱማ ናቸው። ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቁኝ፣ ስለ ዝናቡ ነገሩኝ። ከዚያም፣

«ሦስቱ ቀፎ ባዶ ሆኗል» አሉ። «ንቡ ሄዷል።»

«ንብ በየዓመቱ ይሰደዳል እኮ፣ ኤሱማ» አልኳቸው።

«ልክ ነው፣ ይሰደዳል። ስለሱ አይደለም የደወልኩት። ወረቀትሽ ላይ አርባ ሦስት ብለሻል። መጥተው ቢያዩ ውሸታም እንዳትባዪ። አርባ አድርጊው።»

ምን ልበላቸው? ወረቀቱ ከዓመት በፊት እንደሞተ፣ የቆጠሩት በከንቱ እንደሆነ እንዴት ልንገራቸው? ላፕቶፑን ከፈትኩ። አርባ ሦስትን አጥፍቼ አርባ ጻፍኩ፣ ሞዴሉንም አስኬድኩት። ዲጋ ዜሮ አለ።

«ገባልሽ?» አሉኝ፤ ስልኩን ሳይዘጉ እየጠበቁኝ ነበር።

«ገብቷል፣ ኤሱማ» አልኳቸው።